አልነሳም ያለው ዊንዶውስ፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ የተጻፈ የጥገና ማስታወሻ

ማሽኑ የመጣው ከአንድ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ጠፍጣፋ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ፣ በላዩ ዊንዶውስ 7። የተጠየቀው ሥራ አዲስ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሀርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) መግጠም፣ ዊንዶውስ 10 መጫን፣ የድሮ ሰነዶችን ማሻገር፣ የአማርኛ መጻፊያውን ፓወር ግዕዝንና ፕሪንተሩን ወደነበሩበት መመለስ ነው። ግማሽ ቀን ይበቃዋል ተብሎ ተመዘገበ።

ዊንዶውስ 11 ያልተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ እንዲሁም ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቁልፎችን የሚይዝ ቺፕ) ይፈልጋል፤ ይህ ማሽን ሁለቱም የሉትም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የተራዘመውን የደኅንነት ዝማኔ ለሚመዘገቡ የግል ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ይቀጥላል። ይህንን ለጽሕፈት ቤቱ ባለቤት አስቀድመን ነግረናታል። የምትሠራባቸው ፕሮግራሞች ሁሉ የዊንዶውስ ስለሆኑ በዚሁ ተስማማን።

ሰኞ፣ ጠዋት 3፡20

ገመዱ ተሰክቶ ሲበራ በጥቁር ገጽ ላይ «ታይም ኦፍ ዴይ ኖት ሴት» የሚል መስመር መጣ። ኤፍ1 ሲጫኑት አለፈ፤ ዊንዶውስ 7ም ተነሳ። ቀኑና ሰዓቱ ተስተካከለ። ዴስክቶፑ ወጥቶ አይጡ እስኪታዘዝ 4 ደቂቃ ገደማ ፈጀ።

3፡45

በሊኑክስ ፍላሽ አስነስተን የሀርድ ዲስኩን የስማርት መረጃ (ዲስኩ ስለ ጤናው ራሱ የሚመዘግበውን) አነበብን። 5ኛው መለኪያ 24 ይላል፤ ዲስኩ 24 የተበላሹ ሴክተሮችን በመጠባበቂያ ተክቷል ማለት ነው። 197ኛው 8 ነው፤ ስምንት ሴክተሮች አልነበብ ብለው ውሳኔ እየጠበቁ ነው። 199ኛው ዜሮ ስለሆነ ኬብሉ ጤነኛ ነው። ለመሞት የተዘጋጀ ዲስክ ባይሆንም ብቻውን ሰነድ የሚታመንበት አይደለም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ ኤስኤስዲው ይሻገራል፤ ይህ ግልባጭ ሆኖ ይቀመጣል።

4፡30

ኤስኤስዲው ከዲቪዲው ሥር ባለው ክፍት ቦታ በአራት ኤም3 ብሎን ታሰረ። ሀርድ ዲስኩ ሳታ 0 በተባለው የማዘርቦርዱ የዲስክ መሰኪያ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ኤስኤስዲው ሳታ 1 ላይ ገባ።

4፡50

ኤፍ2 ተጭነን ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ገባን። «ሳታ ኦፕሬሽን» የሚለው «ሬይድ ኦን» (ዲስኮችን ለማጣመር) ላይ ነበር፤ ወደ ኤኤችሲአይ (እያንዳንዱን ዲስክ ለብቻው ለማሠራት) ቀየርነው። እዚህ ቤት ዲስኮችን አጣምሮ የሚያሠራ የለም። በኤኤችሲአይ የስማርት መረጃውም ያለ ችግር ይነበባል። ከዚህ በኋላ የድሮው ዊንዶውስ 7 አይነሳም፤ ሰነዶቹ ግን ከሌላ ሲስተም ይነበባሉ።

5፡00

የዊንዶውስ 10 ፍላሽ ገብቶ በኤፍ12 ተመረጠ። ጭነቱ በ25 ደቂቃ አለቀ። ሪስታርት ተደርጎ ተነሳ፤ ከማብሪያው እስከ ዴስክቶፕ 20 ሰከንድ ያህል ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ይመስላል።

8፡10፣ ከምሳ በኋላ

ሰነዶቹን በሌላ ማሽን ለመገልበጥ ሀርድ ዲስኩ ተነቀለ። ኤስኤስዲው ብቻውን ሲበራ «ኖ ቡት ዲቫይስ» አለ። ሀርድ ዲስኩ ሲመለስ ይነሳል፤ ሲነቀል አይነሳም። ሦስት ጊዜ ሞከርነው፤ ያው ነው።

8፡25

በፍላሹ ተነስተን የጭነቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ሺፍትና ኤፍ10 ተጫንን፤ ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ተከፈተ። ዲስክፓርት የተባለው የዲስክ ማስተካከያ ትእዛዝ ውስጥ ገብተን የዲስኮቹን ዝርዝር አወጣን። ጂፒቲ በሚለው ዓምድ ሥር ኮከብ የለም፤ ሁለቱም ዲስኮች የተከፋፈሉት በአዲሱ ጂፒቲ ሳይሆን በድሮው ኤምቢአር ነው ማለት ነው። ኤስኤስዲውን መርጠን ፓርቲሽኖቹን (ክፍሎቹን) ስናይ ዊንዶውሱ ያለበት ትልቁ ክፍልና ትንሿ የሪከቨሪ ክፍል ብቻ ናቸው። ሲስተሙን የሚቀሰቅሱት ፋይሎች ሊኖሩበት የሚገባው «ሲስተም ሪዘርቭድ» የለም።

የሆነው ይህ ነው። ፍላሹ በሁለት መንገድ የሚነሳ ነው፤ በኤፍ12 ዝርዝር ላይም ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ ሌጋሲ (የድሮው አነሳስ) በሚለው ርዕስ ሥር፣ ሌላው ዩኢኤፍአይ (አዲሱ) በሚለው። ጠዋት የተመረጠው የሌጋሲው ነው። ጭነቱ በሌጋሲ ሲነሳ የሚጭነውም በሌጋሲ ነው። ዲስክ 0 ላይ «አክቲቭ» የተባለ የዊንዶውስ 7 ማስነሻ ክፍል ስላገኘ ኤስኤስዲው ላይ አዲስ አልሠራም፤ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያው ሀርድ ዲስኩ ላይ አስቀመጠ። ቤቱ ኤስኤስዲው ላይ ተሠራ፣ ቁልፉ ሀርድ ዲስኩ ላይ ቀረ። ሁለት ዲስክ ባለበት ማሽን ላይ ዊንዶውስ ሲጫን ሌላውን ዲስክ መንቀል የሚገባው ለዚህ ነው። መንቀል 1 ደቂቃ አይፈጅም።

መጠገን ይቻል ነበር። በኤስኤስዲው ላይ ክፍሉን አክቲቭ አድርጎ ቢሲዲቡት በተባለው ትእዛዝ የማስነሻ ፋይሎቹን እዚያ ማስጻፍ ይበቃል። ግን ገና ምንም ያልተጫነበትን ሲስተም በሌጋሲ ጠግኖ ከማቆየት በዩኢኤፍአይ እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። የተጠራቀመ ሥራ ቢኖርበት ውሳኔው ሌላ ይሆን ነበር።

9፡00

ሀርድ ዲስኩ ተነቅሎ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ባዮስ ላይ የቡት ዝርዝሩ ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ ተቀየረ፤ ሴኪዩር ቡት (ያልታመነ ማስነሻን የሚከለክለው) ተከፈተ። በኤፍ12 ፍላሹ ከዩኢኤፍአይ ሥር ተመረጠ። ጭነቱ ዲስክ የሚያስመርጥበት ገጽ ላይ ሲደርስ በዚህ ዲስክ ላይ መጫን አይቻልም፣ ዲስኩ ኤምቢአር ነው፣ የኢኤፍአይ ማሽን የሚጭነው ጂፒቲ ላይ ብቻ ነው የሚል መልእክት አመጣ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ይልቁንም አሁን በትክክለኛው በር መግባታችንን ያረጋግጣል።

እንደገና ሺፍትና ኤፍ10፣ ዲስክፓርት፤ ዲስኩ ተመረጠ፣ «ክሊን» ተባለ፣ ከዚያ ወደ ጂፒቲ ተቀየረ። ክሊን የመረጡትን ዲስክ የፓርቲሽን ሰንጠረዥ ጠርጎ ያጠፋል፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ እንኳ አይጠይቅም። ማሽኑ ውስጥ ሁለት ዲስክ ኖሮ ቁጥሩ ቢሳሳት የደንበኛ ሰነድ በአንዲት ቃል ይሄዳል። ያ ሀርድ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ በመሆኑ ብቻ እጃችን ሳይንቀጠቀጥ ጻፍነው።

10፡15

ተጭኖ አለቀ። አሁን ኤስኤስዲው ላይ አራት ክፍሎች አሉ፦ 100 ሜጋ ባይት የኢኤፍአይ ክፍል (የማስነሻ ፋይሎቹ ያሉባት)፣ ከእሷ ቀጥሎ 16 ሜጋ ባይት የማይክሮሶፍት መጠባበቂያ፣ ከዚያ ዊንዶውሱ፣ መጨረሻ ላይ ሪከቨሪው። የ16 ሜጋዋ ክፍል በዊንዶውስ የዲስክ ማሳያ ላይ አትታይም፤ በዲስክፓርት ግን ትገኛለች። ያለ ሀርድ ዲስኩ ሦስት ጊዜ ተነሳ።

ማክሰኞ

ሀርድ ዲስኩ ተመለሰ። ክፍሉ «አክቲቭ» እንዳይሆን ተደረገ። 130 ጊጋ የሚሆን ሰነድ ሮቦኮፒ በተባለው የዊንዶውስ መገልበጫ ተገለበጠ፤ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወሰደ። በሚያረጅ ዲስክ ላይ ሮቦኮፒን ያለ ገደብ አይለቁትም። ምንም ካልነገሩት ያልተነበበን አንድ ፋይል 1 ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል፤ በየሙከራው መካከል 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ድጋሚ ሙከራውን 1፣ ጥበቃውን 1 ሰከንድ ብለን፣ ያቃተው ፋይል በመዝገብ እንዲጻፍ አዘን ለቀቅነው። ሁለት የፎቶ ፋይሎች አልተነበቡም፤ ስማቸው ለባለቤቷ ተጽፎ ተሰጥቷል።

ፎንቶቹ ከድሮው ዊንዶውስ የፎንት ፎልደር ለብቻቸው ተገልብጠዋል። ይህ የሚረሳ ነገር ነው። በዚህ ቤት ከዓመታት በፊት የተጻፉ ማመልከቻዎችና ውሎች ከዩኒኮድ (ከዓለም አቀፉ የፊደል ኮድ) ውጭ በሆነ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ ያ ፎንት ከሌለ ሰነዱ ሲከፈት ገጹን ዝብርቅርቅ ያለ የላቲን ፊደል ይሞላዋል፤ ባለቤቱም ሰነዴ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል።

ፓወር ግዕዝ፣ ፕሪንተርና ስካነር ገቡ። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ ማሽኑ ተመለሰ።

ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡40

ስልክ ተደወለ። «ኧረ ወንድሞቼ፣ ኮምፒውተሩ አልነሳም ብሏል። ድሮ ቀርፋፋ ነበር እንጂ እንዲህ አያደርግም ነበር።»

ይህች የመጨረሻዋ አባባል ሁላችንንም አዲሱን ኤስኤስዲ እንድንጠረጥር አደረገች።

4፡00

ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሲበራ እንደ ሰኞው «ታይም ኦፍ ዴይ ኖት ሴት» አለ፤ ኤፍ1 ተጫንን። ከዚያ «ኖ ቡት ዲቫይስ»። ባዮስ ስንገባ የቡት ዝርዝሩ ሌጋሲ ላይ ነው። ሰኞ ዩኢኤፍአይ አድርገን ሳናስቀምጥ ቀርተን ይሆናል ብለን መለስነው።

አሁን የዊንዶውስ ምልክት መጣ፣ ነጠብጣቦቹ መዞር ጀመሩ፣ ከዚያ ያዘነው ፊት ያለበት ሰማያዊ ገጽ፤ ከሥሩ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ»። ራሱ ሪስታርት አደረገ፤ ያው ተደገመ። ሦስተኛው ላይ የጥገና ገጹ መጣ።

4፡20 – 6፡30

ይህ ሁለት ሰዓት በከንቱ የሄደ ነው፤ ግን የተደረገው ሁሉ ይጻፍ። የራሱ የማስነሻ ጥገና ተሞከረ፤ ኮምፒውተርህን መጠገን አልቻልኩም አለ። ቡትሬክ የተባለው የማስነሻ መጠገኛ በፊክስቡት ተሞከረ፤ «አክሰስ ኢዝ ዲናይድ» አለ። በዩኢኤፍአይ በተጫነ ዊንዶውስ 10 ላይ ይህ መልስ በጣም የተለመደ ነው፤ ዲስኩ ተበላሸ ማለት አይደለም። ከዚያ በዲስክፓርት የ100 ሜጋዋ ክፍል ተመርጣ ኤስ የሚል ፊደል ተሰጣት፤ ቢሲዲቡት የዊንዶውሱን ፎልደር ከሲ ወስዶ በዩኢኤፍአይ ዓይነት ኤስ ላይ እንዲጽፍ ታዘዘ። የማስነሻ ፋይሎቹ በትክክል ተፈጥረዋል የሚል መልስ መጣ። ሪስታርት ስናደርግ ግን ያው ሰማያዊ ገጽ ነው። የሳታ ኬብሉ ተቀየረ፣ ኤስኤስዲው ወደ ሳታ 0 ተዛወረ። ለውጥ የለም።

8፡00

ከምሳ መልስ ምንም ሳንነካ ማስነሳቱ የቆመበትን ቦታ አየን። መጀመሪያ መደረግ የነበረበት ይኸው ነበር።

ኮምፒውተር ሲነሳ ሥራው ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። መጀመሪያ የማዘርቦርዱ ፈርምዌር (የራሱ ፕሮግራም) የሚነሳበትን ዲስክ ይፈልጋል። ካላገኘ በጥቁር ገጽ ላይ ኖ ቡት ዲቫይስ ይላል፤ እዚህ ላይ ጥያቄው የባዮስ ቅንብር፣ የኬብል ወይም የኢኤፍአይ ክፍል ነው። ካገኘ ዊንዶውሱን ለሚቀሰቅሰው ቡት ማናጀር ያስረክባል። ቡት ማናጀሩ ዝርዝሩ ከተበላሸበት ወይም ዊንዶውሱን ካጣው የሪከቨሪ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ያወጣል፤ ቢሲዲቡት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እሱም ሥራውን ከጨረሰ ለከርነሉ (ለዊንዶውሱ እምብርት) ያስረክባል። ምልክቱ ታይቶ ነጠብጣቦቹ ከዞሩ በኋላ የሚመጣ ሰማያዊ ገጽ የከርነሉ ነው። ቡት ማናጀሩ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል። እኛ ጤነኛውን ቡት ማናጀር ሁለት ሰዓት ሙሉ ስናክም ነበር።

«ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» የሚለው መልእክትም በትክክል ይናገራል፦ ከርነሉ ነቅቷል፣ ግን የተነሳበትን ዲስክ የሚያይበት ድራይቨር (አገናኝ ፕሮግራም) የለውም። ጠዋት በዓይናችን ሥር ያለፈ አንድ ማስረጃም ነበር። በጥገናው ገጽ ዲስክፓርት ኤስኤስዲውን በሙሉ ያየዋል፣ ፋይሎቹም ይነበባሉ። የጥገናው ገጽ የሚነሳው ብዙ ድራይቨር በያዘ ትንሽ ዊንዶውስ ነው። የተጫነው ዊንዶውስ ግን ማስነሻ ላይ የሚጠራው በተጫነ ጊዜ ያወቀውን የዲስክ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ነው። ዲስኩ ለአንዱ ታይቶ ለሌላው ካልታየ ዲስኩ አልሞተም፤ የሚታይበት መንገድ ተቀይሯል።

8፡15

የሰኞው ማስታወሻ ተከፈተ፤ 4፡50 ላይ «ከሬይድ ኦን ወደ ኤኤችሲአይ» ይላል። ባዮስ ገባን። ሳታ ኦፕሬሽኑ ሬይድ ኦን ላይ ነው።

ወደ ኤኤችሲአይ መለስነው፣ አስቀመጥነው። ዊንዶውሱ በ20 ሰከንድ ተነሳ። ፋይሉ፣ ፕሪንተሩ፣ ፓወር ግዕዙ፣ ሁሉም እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ ማሽኑን መልሶ ማስረከብ ቀላል ነበር፤ ግን በማግስቱ ጠዋት ያው ስልክ ይመጣል። ማን ቀየረው የሚለው አልተመለሰም።

8፡40

ለባለቤቷ ደወልን።

«እህታችን፣ ማታ ስትዘጊ ኮምፒውተሩን እንዴት ነው የምታጠፊው?»

«አጥፍቼው ስታቢላይዘሩንም አጠፋዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ እንዳያቃጥልብኝ ብዬ ነው።»

«የድሮው ዊንዶውስ እያለ ጠዋት ጠዋት ምን ያስቸግርሽ ነበር?»

«ኢንተርኔቱ። ድረ ገጾቹ አይታመኑም እያለ አይከፍትልኝም፤ ቀኑን ሳስተካክል ይከፍታል።»

መልሱ ይኸው ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አርጅታለች። ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ገመዱ ኃይል እስካገኘ ድረስ ከፓወር ሰፕላዩ 5 ቮልት የሚጠባበቅ ኃይል ይመጣል፤ ሰዓቱን የሚያቆየው እሱ ነው፣ ባትሪዋም ታርፋለች። ስታቢላይዘሩ ሲጠፋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሸክሙ ባትሪዋ ላይ ይወድቃል። አቅም ስታጣ ሰዓቱ ይጠፋል፤ ይህ ማዘርቦርድ ደግሞ ቅንብሩን ወደ ፋብሪካው ይመልሳል። የፋብሪካው ቅንብር ሌጋሲና ሬይድ ኦን ነው። ድረ ገጾቹ እምቢ ያሉትም ለዚህ ነው፤ የደኅንነት ሰርተፍኬት ከቀን እስከ ቀን የሚቆጠር ዕድሜ አለው፣ የኮምፒውተሩ ቀን ዓመታት ወደኋላ ሲሄድ ሰርተፍኬቱ ገና ያልተወለደ ይሆናል።

«ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር» የሚለው እውነት የሆነበት ምክንያትም ታወቀ። ዊንዶውስ 7 የተጫነው በፋብሪካው ቅንብር ነበር፤ በሌጋሲና በሬይድ ኦን። ባትሪዋ በየሌሊቱ ስትሞት ማዘርቦርዱ የሚመለሰው እሱ ወደለመደው ቦታ ስለሆነ ከቀኑ በቀር ምንም አይጎድልበትም ነበር። እኛ ሁለት ነገር ቀየርን፤ ባትሪዋ ሁለቱንም በአንድ ሌሊት መለሰቻቸው። ለዚህ ነው ብልሽቱ ሁለት ንብርብር የሆነው፦ ላይኛው ሌጋሲ፣ እሱ ሲወገድ ደግሞ ከሥሩ ሬይድ።

9፡10

መለካት አለበት። ገመዱ ተነቅሎ፣ ባትሪዋ ማቀፊያዋ ውስጥ እንዳለች መልቲሜትሩ በ20 ቮልት ዲሲ ተደረገ። 2.6 ቮልት። የዚህ ዓይነት አዲስ ባትሪ (ሲአር2032) ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል። 2.6 ለጊዜው ሰዓት ያቆያል፤ ሰኞና ማክሰኞ ገመዱን ለ10 ደቂቃ ለ15 ደቂቃ ስንነቅል ምንም ያልጠፋው ለዚህ ነው። ባትሪን አውጥቶ ለብቻዋ መለካት ያታልላል፤ ሸክም የሌለባት ደካማ ባትሪ ደህና ቁጥር ታሳያለች። ሸክሙ እንዳለ፣ ቆይቶ መለካት ይሻላል። ስለዚህ አልቀየርናትም። ኤኤችሲአይና ዩኢኤፍአይ መሆኑን አረጋግጠን፣ ሰዓቱን ሞልተን ገመዱን ነቅለን አሳደርነው።

ሐሙስ፣ ጠዋት 2፡30

ገመዱ ሳይሰካ ተለካ፦ 1.9 ቮልት። ተሰክቶ ሲበራ «ታይም ኦፍ ዴይ ኖት ሴት»። ባዮስ ውስጥ ቀኑ የፋብሪካው ነው፤ ቡት ዝርዝሩ ሌጋሲ፣ ሳታው ሬይድ ኦን። በግምት የነበረው ተረጋገጠ።

2፡50

አዲስ ሲአር2032 ገባ። ቁጥሩ መጠኗን ይናገራል፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2። ተመሳሳይ የምትመስለው ሲአር2025 ቀጭን ናት፤ ማቀፊያው ውስጥ ትላወሳለች፣ አይወሰድም። ገመዱ ተነቅሎ፣ ማብሪያው ለ10 ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል ከተራገፈ በኋላ መያዣዋ በጥፍር ተገፋ፤ ባትሪዋ ብቅ አለች። በብረት ወረንጦ አይነካም፤ ሁለቱን ፊት ካገናኘ አዲሷም ትጎዳለች። የመደመር ምልክቱ ያለበት ሰፊው ፊት ወደ ላይ። ከሶኬቷ ላይ ሲለካ 3.2 ቮልት።

ባትሪ ሲቀየር ቅንብሩ ሁሉ ስለሚጠፋ ባዮስ እንደገና ተሞላ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ኤኤችሲአይ፣ ዩኢኤፍአይ፣ ሴኪዩር ቡት። ኃይል ሄዶ ሲመጣ ራሱ እንዳይበራ «ፓወር ኦፍ» ተመረጠ፤ መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ማሽኑ አብሮ እንዳይበራና እንዳይጠፋ ነው። ባዮስ ላይ ሰዓት ሲሞላ ከጠዋቱ 3 ሰዓት 9፡00፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት 15፡00 ተብሎ ይጻፋል፤ እዚህ ላይ በ6 ሰዓት የሚሳሳት ብዙ ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ለሌላ ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር እዚህ ይጻፍ። የእኛ ዊንዶውስ በኤኤችሲአይ ስለተጫነ ቅንብሩን መመለስ ብቻ በቃው። ዊንዶውሱ በሬይድ ተጭኖ ከዚያ ወደ ኤኤችሲአይ ማሻገር ለሚፈልግ ግን ፎርማት አያስፈልግም። መጀመሪያ በነባሩ ቅንብር ዊንዶውሱን አስነስቶ፣ ቢሲዲኤዲት በተባለው ትእዛዝ ቀጣዩ መነሳት «ሴፍቡት ሚኒማል» እንዲሆን ማዘዝ፤ ሪስታርት ሲያደርግ በቀጥታ ባዮስ ገብቶ ወደ ኤኤችሲአይ መቀየር፤ ዊንዶውሱ በሴፍ ሞድ (በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ) ሲነሳ ድራይቨሩን ያገኛል፤ ከዚያ ያንኑ የሴፍቡት ትእዛዝ መሰረዝና ሪስታርት ማድረግ። ካልተሰረዘ ሁልጊዜ በሴፍ ሞድ ይነሳል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ከሁሉ በፊት ባለ 48 አሃዙን የሪከቨሪ ቁልፍ በእጅ መያዝ ግድ ነው፤ ባዮስ ሲነካ ሊጠይቅ ይችላል፣ ቁልፉ ከሌለ ሰነዱም የለም።

11፡00

ሮጦ ዋለ። ስማርት መረጃው እንደገና ተነበበ፤ የኤስኤስዲው 199ኛ መለኪያ ዜሮ ነው። በከንቱ የተቀየረው ኬብል አዲሱ ስለሆነ እዚያው ቀረ። ገመዱ ተነቅሎ አደረ።

ዓርብ፣ ጠዋት 2፡20

ከ15 ሰዓት በላይ ያለ ኃይል ቆይቶ 3.2 ቮልት። ሲሰካና ሲበራ ጥቁሩ መልእክት አልመጣም። ሰዓቱ ከእጅ ስልክ ጋር እኩል ነው። ባዮስ ውስጥ ኤኤችሲአይ፣ ዩኢኤፍአይ። ዊንዶውሱ በ19 ሰከንድ ተነሳ።

በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ፦ «ሳታ፦ ኤኤችሲአይ። ቡት፦ ዩኢኤፍአይ። ባትሪ ሲአር2032፣ ሐሙስ ተቀየረ። ሰዓቱ ከጠፋ መጀመሪያ እነዚህን እይ።» ከዓመታት በኋላ ይህን ክዳን የሚከፍተው ባለሙያ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ማስታወሻም አጠገቡ አይኖርም።

4፡00

ተመለሰ። ስታቢላይዘሩን ማታ ማታ ማጥፋቷን እንድትቀጥል ነገርናት፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ሀርድ ዲስኩ ግልባጭ ሆኖ ውስጡ አለ፤ 197ኛው መለኪያ ከ8 ከፍ ብሎ እንደሆነ በወሩ መጨረሻ ይታያል።